በማታውቁት አገር ማንን ታምናላችሁ?

መንገደኛዋ፦

ስለ ቪዛ፣ ስለ ቲኬትና ስለ ሻንጣ ኪሎ ስናወራ ከርመናል፤ ዛሬ ሌላ ነገር ላንሳ። ሰው ረግጦት የማያውቀው አገር ሲገባ ቋንቋውን አያውቅ፣ መንገዱን አያውቅ፣ የገንዘቡን ዋጋ እንኳ በቅጡ አያውቅ፤ ውሎ አድሮ የሆነ ሰው እጅ ላይ መውደቁ አይቀርም። ጥያቄዬ፣ ያ ሰው ማን ይሁን? የሚል ነው።

የእኔ ሕግ አጭር ነው። ራሱ መጥቶ ያናገረኝን አላምንም፤ እኔ መርጬ የጠየቅኩትን አምናለሁ። ከሚያልፈው ሕዝብ መሃል አንዷን እናት ወይም አንዱን ተማሪ አስቁሜ ብጠይቅ፣ ያ ሰው አጭበርባሪ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ኤርፖርት መውጫ ላይ ወይም ታዋቂ ቦታ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ግን መራጩ እሱ ነው። ሻንጣዬን፣ ካርታዬን፣ ግራ የገባው ፊቴን አይቶ ነው የመረጠኝ።

ባንኮክ ላይ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት በእግሬ ስሄድ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ፈገግ ብሎ አስቆመኝ። «ዛሬ ጠዋት ዝግ ነው፤ ጸሎት አለ፤ ከሰዓት ነው የሚከፈተው» አለኝ። አነጋገሩ የዋዛ አይደለም። ካርታዬን ተቀብሎ ሌሎች ቤተ መቅደሶችን በእስክሪብቶ እያከበበ «እስከዚያው እነዚህን ጎብኚ» ሲለኝ አንድ ቱክቱክ (የእኛው ባጃጅ በሉት) ከየት መጣ ሳይባል አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ የጠራው ዋጋ ለነዳጅ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። እንድጠራጠር ያደረገኝም ይሄው ርካሽነቱ ነው። «እሺ፣ ግን በሩን በዓይኔ አይቼ ልመለስ» ስለው ፈገግታው ድርግም አለ። ትንሽ እንደተራመድኩ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሰው ይተራመስበታል። ቱክቱኩ ላይ የሚወጡ ሰዎች አንድ ሁለት ቤተ መቅደስ ያዩና መጨረሻቸው ልብስ ሰፊ ቤት ወይም የጌጣጌጥ ድንጋይ መሸጫ ነው፤ ሾፌሩ ለሚያመጣው ሰው ኮሚሽን ይታሰብለታል።

ሞሮኮ ፌዝ ውስጥም ያው ነው። አሮጌው ከተማ መኪና የማይገባበት፣ ከበቅሎ ጋር እየተጋፉ የሚሄዱበት የጠባብ መንገድ ጉንጉን ነው። ገና ከመግባትሽ «በዚህ በኩል መንገዱ ዝግ ነው» የሚል ጎረምሳ ይመጣል። መንገዱ ዝግ አይደለም፤ ልጁ ወደ ቆዳ ማልፊያ ጉድጓዶቹ ወስዶሽ ገንዘብ ሊጠይቅሽ ነው።

እናንተስ? ሕጌን የሚያፈርስ ገጠመኝ ያለው ካለ ይምጣ።

ባቡር_ወዳጅ፦

አለኝ፤ ያውም በደንብ የሚያፈርስ።

ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳይወርዱ ከሄዱበት ባቡር ላይ ወደ ሳምንት ይጠጋል። እኔ የያዝኩት ሦስተኛ ማዕረግ ነበር። በር የለው፣ ክፍል የለው፤ በአንድ ፉርጎ ውስጥ 54 ሰው ይተኛል። ከአልጋዬ ፊት ለፊት የነበሩት አሮጊት ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው ማናገር የጀመሩት። እኔ ራሺያኛ አልችል፣ እሳቸው ሌላ ቋንቋ አይችሉ። እንደ አንቺ ሕግ ቢሆን ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።

እሳቸው ግን ባቡሩን አስተማሩኝ። ከፉርጎው ጫፍ ያለው የፈላ ውኃ ጋን ሌትና ቀን የማይቋረጥ መሆኑን፣ የብርጭቆ መያዣውን ከፉርጎ ኃላፊዋ መዋስ እንደሚቻል፣ አንሶላው መቼ እንደሚመለስ፣ ሁሉንም በእጃቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን የጣቢያዎች ሰሌዳ ማንበብ አሳዩኝ። አንዱ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ሠላሳ ደቂቃ ይቆማል፤ ቀጣዩ ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ያን ጊዜ በመላው አገሪቱ የባቡር ሰዓት የሚቆጠረው በሞስኮ ነበር (በ2018 እ.ኤ.አ. ነው በአካባቢው ሰዓት የተተካው)። ስለዚህ ውጭ ጨልሞ የጣቢያው ሰዓት ገና ቀትር ነው ይልሃል፤ ጭንቅላት ያዞራል። አንዱ ጣቢያ ላይ እኔ በነጠላ ጫማና በቲሸርት ልወርድ በሩ ላይ ስደርስ አሮጊቷ ከኋላዬ መጥተው ቲሸርቴን ጨምድደው ያዙ። ሁለት ጣታቸውን አሳዩኝ። ሁለት ደቂቃ። ውጭው በረዶ ነው፤ የወረደ ሰው ቢቀር ባቡሩ አይጠብቅም።

እና የእኔ መለኪያ ማን ቀድሞ አናገረ የሚል አይደለም። የሚሸጥልኝ ነገር አለው ወይ? ነው። አብሮህ ሌሊቱን የሚያድር፣ ካንተ ቀድሞም የማይወርድ ሰው ሊያታልልህ ብዙ ምክንያት የለውም።

ሁሉን_ጠርጣሪ፦

ባቡር ወዳጅ፣ የአሮጊቷ ታሪክ ልብ ይነካል፤ ግን «የሚሸጥልኝ ነገር አለው ወይ» ብለህ ብትጠይቅ መልሱን ቀድመህ አታገኘውም። ሻንጋይ ውስጥ ናንጂንግ መንገድ ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ፎቶ አንሳን ብለው አስቆሙኝ። ተማሪዎች ነን አሉ። እንግሊዝኛ መለማመድ ይፈልጋሉ፣ ስለ አገሬ ይጠይቃሉ፣ ይስቃሉ። ምንም አልሸጡልኝም። ብዙ ካወራን በኋላ «እዚህ ቅርብ የሻይ ሥነ ሥርዓት አለ፤ አብረን እንይ» አሉ። ይሄ በቤጂንግም በሻንጋይም የታወቀ ነው፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያስገቡሃል፣ በስኒ ጠብታ ጠብታ ያቀምሱሃል፣ ከዚያ አንድ ደመወዝ የሚያህል ሒሳብ ይመጣል። «ጓደኞችህ»ም የድርሻቸውን የሚከፍሉ መስለው ያወጣሉ።

እኔ ይሄን ሰምቼ ስለነበር እንዲህ አልኳቸው፦ «ሻይ ደስ ይለኛል፤ ግን ያኛው ካፌ እንግባ፤ እኔ ልጋብዛችሁ።» የጠቆምኩት መንገድ ማዶ ያለ፣ መስታወቱ ሰፊ፣ ሰው የሞላበት ቤት ነው። ሦስቱም ተያዩ። አንዷ አሞኛል አለች፣ ሌላዋ ቀጠሮ ትዝ አላት። ቻው እንኳ በቅጡ ሳይሉኝ ሄዱ።

ስለዚህ መፈተኛዬ ይሄ ነው፤ ቦታውን ቀይርበት። ወዳጅነት የፈለገ ሰው የትም ቢቀመጥ ግድ የለውም። ቦታው ላይ ድርቅ ካለ ገበያው እዚያ ነው ማለት ነው።

(ፓሪስ ላይ ሳክሬ ከር ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሥር ጣታችሁ ላይ ክር የሚያስሩትን ለማብራራት ጊዜ አላጠፋም። እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ውጡ።)

ገና_ልሄድ_ነው፦

ይሄን ሳነብ ሆዴን ባር ባር አለው። 😅 ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም ብቻዬን። የምሄደው ሃኖይ ነው። ሁላችሁም ስለ አጭበርባሪ ታወራላችሁ፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ተራው ነገር ነው። ከኤርፖርት በምን እወጣለሁ፣ ገንዘቡን እንዴት አውቀዋለሁ፣ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን ያንን መንገድ እንዴት እሻገራለሁ? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ትራንዚት፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሃኖይ ለጀማሪ ክፉ ከተማ አይደለችም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ቪዛውን በኢንተርኔት ከቬትናም መንግሥት ድረ ገጽ ብቻ አውጪ። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኢ-ቪዛው ጊዜ እስከ 90 ቀን ሆኗል፤ ለሁሉም አገር ዜጋም ክፍት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊው ግን ከላይ የሚመጡልሽ ብዙዎቹ መልካቸው የመንግሥት የሚመስሉ ደላሎች ናቸው። ስምሽን ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፤ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ መግቢያው ላይ ጣጣ ነው።

ከኖይ ባይ ኤርፖርት 86 ቁጥር አውቶቡስ በቀጥታ ወደ አሮጌው ሰፈርና ወደ ባቡር ጣቢያው ይወስድሻል። ማታ ከደረስሽ ደግሞ ግራብ የሚባለውን መተግበሪያ እዚህ ሆነሽ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ዋጋው ከመሳፈርሽ በፊት ይታያል፣ የመኪናው ሰሌዳም ይመጣል። መውጫው ላይ «ግራብ ነኝ» እያለ የሚጠራሽን ሳይሆን ሰሌዳውን ፈልጊ። የሆቴልሽን አድራሻ በቬትናምኛ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ወረቀት ያድናል።

ገንዘቡ ዜሮው ብዙ ነው። 20 ሺህ ዶንግና 500 ሺህ ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ በደብዛዛ መብራት፣ ታክሲ ውስጥ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በቀላሉ ያደባልቃቸዋል። ልዩነታቸው 25 እጥፍ ነው። እኔ 500 ሺዎቹን ቦርሳ ውስጥ ለብቻ አስቀምጬ ኪሴ ውስጥ ዝርዝሩን ብቻ ነበር የምይዘው።

መንገዱን በተመለከተ፦ ሞተር ሳይክሉ አይቆምልሽም። ወንዝ ነው፤ ክፍተት እስኪገኝ ብትጠብቂ ይመሽብሻል። ብልሃቱ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ዓይነት እርምጃ፣ ሳይቆሙ መሄድ ነው። ሞተረኞቹ ከሩቅ እርምጃሽን አይተው በፊትሽ ወይም በኋላሽ እንደሚያልፉ አስቀድመው አስልተዋል። ከሮጥሽ ስሌቱ ይፈርሳል፤ ወደ ኋላ ከተመለስሽ የባሰ ነው። ለመኪናና ለአውቶቡስ ግን ይሄ አይሠራም፤ እነሱን አሳልፊ። እኔ የመጀመሪያው ቀን ጠርዙ ላይ ተገትሬ ቀርቼ ሳለ አንዲት ሴትዮ በትከሻዋ ሁለት ቅርጫት ተሸክማ መጣችና ቀና እንኳ ሳትል ገባችበት። በቀኟ በኩል ተለጥፌ ተሻገርኩ። ሸክሙ እየተወዛወዘ እርምጃዋ አንዴም አልተዛነፈም። እኔ መኖሬን ያወቀች አይመስለኝም።

መንገደኛዋ፣ ይሄ ሕግሽ ውስጥ የት ይገባል? አልጠየቅኳትም፣ አልመጣችብኝም። እውነቱን ለመናገር ባየኋቸው አገሮች ሁሉ ብዙውን የተማርኩት እንዲህ ከሰው ኋላ ቆሜ በማየት ነው። ቲኬት እንዴት ይመታል፣ ጫማ የት ይወልቃል፣ ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ መውጫው ጋ የሚከፈለው... ጠይቀሽ ከምታገኚው መልስ ይልቅ ከፊትሽ የተሰለፈውን ሰው ማየት ይሻላል።

ገና_ልሄድ_ነው፦

እግዜር ይስጥልኝ! ኮፒ አድርጌ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። (ወረቀት ላይም እጽፈዋለሁ፣ እሺ።)

ጋሽ_ኮምፓስ፦

ልጆች፣ ከእናንተ አብዛኛው ሳይወለድ ሻንጣ ያነሳሁ ሰው ነኝና ትንሽ ልጨምር።

ስልክ ባልነበረበት ዘመን መጠየቅ ግዴታ ነበር። እኔ የያዝኩት ልማድ «ነገም እዚያው የማገኘውን ሰው ጠይቅ» የሚል ነው። ፋርማሲ፣ ጋዜጣ መሸጫ፣ የሆቴል መቀበያ፣ ጸጉር አስተካካይ። ሱቁን ጥሎ የማይሄድ ሰው ስሙን ይጠብቃል። ጃፓን ይሄን ነገር መንግሥት ራሱ አዘጋጅቶታል። ቶኪዮ ውስጥ አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ አድራሻ የሚቆጠረው በሰፈር፣ በብሎክና በሕንፃ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ተከታትሎ ላይሄድ ይችላል፤ የአገሩ ሰውም ይጠፋበታል። ስለዚህ በየሰፈሩ ኮባን የምትባል ትንሽ የፖሊስ ጎጆ አለች። እኔ አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጠሁት፣ ፖሊሱ ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ካርታ ጋር አመሳከረ፣ በእርሳስ ንድፍ ሠርቶ ሰጠኝ፣ ያም አልበቃው ብሎ እስከ መታጠፊያው ሸኘኝ። አገሩን ለመውደድ ይሄ በቂ ነበር።

ኢራን ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ኢስፋሃን ላይ ታክሲ ይዤ ስወርድ ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ታዓሮፍ የሚሉት የአክብሮት ደንብ አላቸው፤ ባለ ሱቁም ባለ ታክሲውም መጀመሪያ ይግደረደራል። አመስግኖ የሄደ ሰው ነውር ሠርቷል። ደጋግሞ መለመን ነው፤ በመጨረሻ ይቀበላል። ሲቀበል ደግሞ ዋጋውን በቶማን ይጠራዋል፤ በእጄ ያለው ወረቀት የተጻፈው በሪያል ነው፣ አንዱ ቶማን አሥር ሪያል። ይሄን ያላወቀ ሰው ተዘረፍኩ ብሎ ይጮሃል፤ የዘረፈው ግን የለም።

ሰዉ እንግዳ ይወዳል። ባለ 33 ቅስቱ ድልድይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ «ቤት ካልመጣህ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የትኛው ግብዣ እውነት ነው፣ የትኛው ለወጉ ነው? የደረስኩበት ዘዴ ይህ ነበር፦ በትህትና እምቢ እላለሁ። ለወጉ የጋበዘው እዚያ ላይ ይተወዋል። የምር የሆነው ቀንና ሰዓት ይቆርጣል፣ አድራሻ ይጽፋል፣ ልጁን ጠርቶ ያስተዋውቃል። ለዚህኛው ሄጃለሁ፤ ቆጭቶኝ አያውቅም።

እና ልጄ መንገደኛዋ፣ ኢስፋሃን ላይ በሕግሽ ብሄድ ኖሮ ምንም ሳላይ እመለስ ነበር። ባንኮክ ላይ ግን ሕግሽ ትክክል ነው። ነገሩ እንደ ሰፈሩ ነው፤ ቱሪስት የሚጎርፍበት በር ሌላ፣ ቱሪስት ብርቅ የሆነበት ከተማ ሌላ።

ሁሉን_ጠርጣሪ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «ፖሊስ ጠይቅ» የሚለው ጃፓን ላይ ይሠራል። ብዙ ከተማ ግን ሲቪል የለበሱ «ፖሊሶች» አሉ፤ መታወቂያ ብልጭ አድርገው ሐሰተኛ ገንዘብ እየፈለግን ነው ብለው ቦርሳ ያስከፍታሉ። ገንዘቡ ተቆጥሮ ሲመለስ ጎድሏል። እኔ የምለው አንድ ነው፤ «ጣቢያ እንሂድና እዚያ አሳያለሁ።» እውነተኛው ይወስድሃል፣ ሐሰተኛው ይሰወራል። ፓስፖርቱም ዋናው ሳይሆን ኮፒው ነው መጀመሪያ የሚወጣው።

ጋሽ_ኮምፓስ፦

ይሄ ጥሩ ነው፤ አልቃወምህም። እኔም ያልኩት ጎጆ ውስጥ የተቀመጠውን ነው፣ መንገድ ላይ የሚያሯሩጠውን አይደለም።

የሌሊት_በረራ፦

ሁላችሁም ስለ ክፉ ሰው ነው የምትጨነቁት። እኔን የፈተነኝ ደጉ ሰው ነው።

ቦሊቪያ ላ ፓዝ ስትደርሱ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኤል አልቶ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል 4,061 ሜትር። ከበሩ እንደወጣሁ ደህና ነበርኩ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። የከፍታ ሕመም ግን ወዲያው አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ እስኪጀምር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ማታ ላይ ጭንቅላቴ በሁለት በኩል በመዳፍ የሚጨመቅ መሰለኝ። ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጫማ ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ማለክለክ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እጅግ ደግ ሴት ናቸው። የኮካ ቅጠል ሻይ አፍልተው ሰጡኝ፤ እዚያ ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ይጠጣዋል። ጠዋት ላይም ሳይሻለኝ ሲቀር ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቃቸው «አትተኚ፣ ቤት ውስጥ መተኛት ነው ያመመሽ፤ ከልጆቹ ጋር ወደ ተራራው ውጪና ሳንባሽ ይለምደዋል» አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ ሳንቲም የሚያገኙበት ነገር የለም። እናንተ የደረደራችሁትን መለኪያ ሁሉ ያልፋሉ፦ የሚሸጡት የላቸውም፣ ነገም እዚያው አሉ፣ የጠየቅኳቸውም እኔ ነኝ።

ግን ምክራቸው አደገኛ ነበር። ምልክት የታየበት ሰው ከፍ አይልም፤ ወይ ባለበት ይቆያል፣ ወይ ዝቅ ይላል። ዝም ብሎ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተወላገደ ደግሞ ያኔውኑ መውረድ አለበት፤ ሳንባ ወይም አንጎል ላይ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፣ ይገድላል። እኔ በገመድ መኪናው መሃል ከተማ ወርጄ (ከኤል አልቶ ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ይላል) ክሊኒክ ገባሁ፤ ኦክስጅን ሰጥተውኝ በማግስቱ ቀለል አለኝ። ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ስለ አሲታዞላማይድ ጠይቁ፤ ከመውጣቱ በፊት ባለው ቀን የሚጀመር መድኃኒት ነው። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት በተለይ መናገር አለበት።

ስሰናበታቸው ሴትየዋ «ለመንገድ» ብለው አንድ ጥቅል የኮካ ቅጠል ሰጡኝ። እንባ ባቀረረ ዓይን። አቅፌ ሳምኳቸውና ኤርፖርት ሳልደርስ ጣልኩት። ያ ቅጠል ከቦሊቪያ ውጭ በብዙ አገር አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ሻይውን የጠጣ ሰው እንኳ የሽንት ምርመራ ቢደረግለት ኮኬይን ሊያሳይ ይችላል።

ባቡር_ወዳጅ፦

ይሄ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። የሰው ልብ ንጹሕ ስለሆነ እውቀቱም ንጹሕ ነው ብለን እንወስዳለን።

ትራንዚት፦

የሌሊት በረራ፣ የጥቅሉ ነገር የራሴን አስታወሰኝ። አንድ ኤርፖርት ላይ ቲኬት ስሰለፍ ከፊቴ ያሉ እናት ሻንጣቸው ኪሎ ተርፎ «ልጄ፣ ይቺን ትንሽ ቦርሳ ያዢልኝ፤ ሲንጋፖር ስንደርስ እቀበልሻለሁ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። አለቀሱ። ሰልፉ ሁሉ እኔን አየኝ፤ አንዱም ምን አለበት ብሎ ተቆጣኝ። ምናልባት ውስጡ ልብስ ብቻ ነው። ምናልባት። ሲንጋፖር ውስጥ ግን ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን ይዞ የገባ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው፤ ቦርሳው በእጅሽ ከተገኘ ደግሞ የእኔ አይደለም ማለት ብቻውን አያወጣሽም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ አሮጊትም ቢሆኑ፣ እርጉዝም ብትሆን፣ ያገሬ ልጅም ቢሆን።

ገና_ልሄድ_ነው፦

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ፓስፖርት ቢጠፋስ? ወይም ስልኩ? የኔ ሁሉ ነገር ስልኬ ውስጥ ነው።

ጋሽ_ኮምፓስ፦

ፓስፖርት ሲጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ኤምባሲ። ያለ ፖሊስ ወረቀት ኤምባሲው ብዙ ጊዜ አያስተናግድም። አገርሽ እዚያ ኤምባሲ ከሌለው በጎረቤት አገር ሆኖ የሚሸፍን ይኖራል፤ የትኛው እንደሆነ ከመነሳትሽ በፊት እወቂ። የሚሰጡሽ አንድ ጉዞ የሚያስጉዝ የይለፍ ወረቀት ነው። ሰዎች የሚረሱት ግን ቪዛሽና የመግቢያ ማህተምሽም አብሮ መጥፋቱን ነው፤ ስለዚህ ለመውጣትም የኢሚግሬሽን ወረቀት ያስፈልግሽ ይሆናል፤ ይሄ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የፓስፖርቱን ፎቶ ለአንድ ለምታምኚው ሰው በኢሜይል ላኪ፤ ጉርድ ፎቶም ይዘሽ ሂጂ።

ስልኩን ለወጣቶቹ ልተው።

ትራንዚት፦

ስልክ ላይ ሰው የሚያቃጥለው የባንክ ማረጋገጫ ኮድ ነው። ካርዱ በእጅሽ አለ፣ ኮዱ ግን የሚመጣው ቤት በተውሽው ሲም ላይ ነው። ሲምሽን አትተይ፤ ኢ-ሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) የሚቀበል ስልክ ከሆነ ያገሩን ዳታ በኢ-ሲም ያዢና የራስሽን ቁጥር ለመልእክት ብቻ ክፍት አድርጊ። ሁለት ካርድ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ። ኤቲኤም «በራስህ አገር ገንዘብ ልቁረጥ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ደግሞ እምቢ በዪ፤ በዶንግ ይቁረጥ፤ ያለዚያ ምንዛሬውን ማሽኑ እንደፈለገ ይተምነዋል።

መንገደኛዋ፦

ሁሉንም አነበብኩ። ሕጌን አልተውኩትም፤ ግን ጠበበ። ኤርፖርት መውጫ፣ ጣቢያ፣ ታዋቂ በር፣ እዚያ ላይ ይሠራል። ከዚያ ወጥቼ ቱሪስት በሌለበት ስሆን ባቡር ወዳጅና ጋሼ ያሉት ያሸንፋል። ቦታውን ቀይርበት የሚለውን ደግሞ ሰርቄያለሁ። የሌሊት በረራ ያነሳችው ግን አሁንም ይከነክነኛል፤ ለእሱ ሕግ የለኝም። ሐኪም ካልሆነ ሰው የሐኪም ምክር አልቀበልም ልበል? ባቡር ላይ ያሉት አሮጊትም እኮ የባቡር ኃላፊ አልነበሩም።

ባቡር_ወዳጅ፦

አሮጊቷ ያንን መስመር ዕድሜ ልካቸውን ተመላልሰውበታል። የላ ፓዟ እመቤት ደግሞ እዚያው ተወልደው ከፍታ አሟቸው አያውቅም። እንግዳ ሆኖ የማያውቅ ሰው እንግዳን የሚያመውን ከየት ያውቀዋል? እኔ ብሆን እዚያው ቤት ያረፈና ትናንት ያመመውን ሌላ መንገደኛ ነበር የምጠይቀው።

የሌሊት_በረራ፦

እሱን ብጠይቀው ኖሮ እሱም ተራራ ሊወጣ ጫማ እያሰረ ነበር። 😂

ገና_ልሄድ_ነው፦

እንግዲህ እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁኝ፣ እናንተው ፍረዱ። የያዝኩት ሆስቴል የጋራ ቻት አለው። እዚያ አንዲት ልጅ በግሌ ጻፈችልኝ። ሃኖይ ነው የምኖረው፣ ብቻሽን ከሆንሽ ኤርፖርት መጥቼ በሞተር ልውሰድሽ ትላለች። ገንዘብ አልጠየቀችም። ፎቶዎቿ እውነተኛ ይመስላሉ። እሺ ልበላት?

ሁሉን_ጠርጣሪ፦

በፍጹም።

ባቡር_ወዳጅ፦

እኔ እሄድ ነበር። ግን እኔ 1 ሜትር ከ90 ነኝ፤ አትስሚኝ።

ትራንዚት፦

ማታ፣ በማታውቂው መንገድ፣ ሻንጣ ይዘሽ፣ የማታውቂው ሰው ሞተር ላይ አትውጪ፤ ደግም ብትሆን። ቦታውንና ሰዓቱን ለውጪባት። አመስግኛትና በማግስቱ ረፋድ ላይ ሆስቴሉ መቀበያ ቀጥሪያት። የሆስቴሉ ሰዎችም ያያሉ፣ ቀንም ነው።

ጋሽ_ኮምፓስ፦

ትራንዚት ትክክል ናት። የምር የፈለገች ትመጣለች።

ገና_ልሄድ_ነው፦

ልክ እንዳላችሁኝ ጻፍኩላት። «በጣም ጥሩ፣ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ እናቴንም ይዤ እመጣለሁ» ብላ ወዲያው መለሰች።

ሁሉን_ጠርጣሪ፦

እናቷ ምን ትሸጣለች?